አምፖሉ የቆጠበው ለማን ይደርሳል? ኃይል ቆጣቢ አምፖል በግልና በጋራ ቆጣሪ ቤቶች፣ ከደሴ ፒያሳ አንጻር

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያስገኙትን ጥቅምና የሚያስከትሉትን ጉዳት ይመረምራል። ትንታኔው የመስክ መጠይቅ ውጤት ሳይሆን፣ በታወቁ የአምፖል ባሕርያትና በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የቤት ውስጥ ታሪፍ የመጨረሻ እርከኖች ላይ የተመሠረተ ስሌት ነው። ስሌቱ እንደሚያሳየው አምፖሉ የሚቆጥበው የኃይል መጠን በየትኛውም ቤት አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ቁጠባው በገንዘብ ሲተመን ግን ቤቱ በሚገኝበት የታሪፍ እርከንና ቆጣሪው የግል ወይም የጋራ በመሆኑ ላይ ተመሥርቶ እጅግ ይለያያል። ስለሆነም በደሴ ፒያሳና በመሰል አሮጌ የከተማ ማዕከሎች ቆጣቢ አምፖልን ማስፋፋት የቆጣሪን ጥያቄ ሳይመልስ የታለመለትን ድሀ ተከራይ በወጉ ሊጠቅም አይችልም።

ቁልፍ ቃላት፦ ኃይል ቆጣቢ አምፖል፣ ኤል ኢ ዲ፣ ታሪፍ፣ የጋራ ቆጣሪ፣ ሜርኩሪ፣ ደሴ

1. መግቢያ

በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በማነሱ አገራችን ኤሌክትሪክን በፈረቃ ለማከፋፈል ተገድዳ እንደነበር ይታወሳል። የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ባለ ክሩን ቢጫ አምፖል በጠምዛዛው ፍሎረሰንት አምፖል በነጻ መቀየር ነበር። በመጀመሪያው ዙር 350,000፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ አምፖሎች ታድለዋል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት የግምገማ ጽሑፍ የመጀመሪያው ዙር በአንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ በድምሩ ወደ 13.3 ሜጋዋት የሚጠጋ ኃይል እንዳስቆጠበ ገምተዋል። አብዛኞቹ ተጠቃሚዎችም አነስተኛ ፍጆታ ያላቸው የከተማ ነዋሪዎች እንደነበሩ አመልክተዋል።

ይህ ውጤት አበረታች ነው። ይሁን እንጂ «ደንበኛ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በኤሌክትሪክ አገልግሎት መዝገብ ደንበኛ ማለት ቆጣሪ ማለት እንጂ ቤተሰብ ማለት አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ቤተሰብ ከአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ሁኔታ የቆጣሪው ቁጠባ የማን ቁጠባ እንደሆነ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም።

ደሴ ፒያሳ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ መነሻ ነው። ስሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረው ይህ ሰፈር የከተማዋ አሮጌ የንግድ ማዕከል ነው። እንደ ሌሎች የአገራችን አሮጌ የከተማ ማዕከሎች ሁሉ መንገድ ዳር ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ በአንድ በር የሚገባባቸው የኪራይ ክፍሎች የሚገኙበት አኗኗር ለዚህ ጽሑፍ ዋና ምሳሌ ሆኖ ተወስዷል። ጽሑፉ የአምፖሎቹን አሠራር ካነጻጸረ በኋላ ቁጠባው ወደ ገንዘብ እንዴት እንደሚለወጥ፣ በጋራ ቆጣሪ ምን እንደሚደርስበትና አምፖሎቹ ምን ጉዳት እንዳላቸው በተራ ይመለከታል።

2. የአምፖሎቹ አሠራርና የኃይል ስሌት

ባለ ክሩ አምፖል ብርሃን የሚሰጠው የብረት ክሩ እስኪነድ በመጋል በመሆኑ ከሚወስደው ኃይል እጅግ የሚበዛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍሎረሰንቱ በውስጡ ባለው የሜርኩሪ ተን አማካይነት የማይታይ ጨረር ያመነጭና የመስተዋቱ ውስጣዊ ቅብ ጨረሩን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ኤል ኢ ዲ ደግሞ ኤሌክትሪክን በሴሚኮንዳክተር አማካይነት በቀጥታ ወደ ብርሃን ይለውጣል። በዚህም ምክንያት የ60 ዋት ባለ ክር አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን የ14 ዋት ፍሎረሰንት ወይም የ9 ዋት ኤል ኢ ዲ በተቀራራቢ መጠን ሊሰጥ ይችላል። ዕድሜያቸውም ይለያያል። ባለ ክሩ ወደ 1,000 ሰዓት፣ ፍሎረሰንቱ ከ6,000 እስከ 10,000 ሰዓት፣ ጥሩ ኤል ኢ ዲ 15,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያገለግላል።

አራት አምፖሎች ያሉትንና እያንዳንዳቸውን በቀን 5 ሰዓት የሚያበራ ቤት እንውሰድ። አምፖሎቹ ባለ 60 ዋት ባለ ክር ከሆኑ የቤቱ የመብራት ፍጆታ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ14 ዋት ፍሎረሰንት ሲተኩ 8.4፣ በ9 ዋት ኤል ኢ ዲ ሲተኩ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ወደ ኤል ኢ ዲ መቀየር በወር 30.6 ኪሎዋት ሰዓት ያስቆጥባል። ከዚህ ውስጥ 27.6ቱ ወደ ፍሎረሰንት በመቀየር ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከፍሎረሰንት ወደ ኤል ኢ ዲ የሚደረገው ተጨማሪ ለውጥ በኃይል ረገድ አነስተኛ ነው። የኤል ኢ ዲ ብልጫ በዋነኛነት በዕድሜውና ከሜርኩሪ ነጻ በመሆኑ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር መልስ ያሻዋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች የባለ ክሩ አምፖል ሙቀት ብክነት አይደለም የሚባል ነው። ሆኖም አምፖሉ የሚሰቀለው ኮርኒስ ሥር በመሆኑና ሞቃት አየር ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑ ከታች ለተቀመጠ ሰው የሚደርሰው ሙቀት ጥቂት ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጎረቤት ኮምቦልቻ ደግሞ ያው ሙቀት ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ሸክም ይሆናል።

አምፖል የቤቱ ዋና ኃይል በላተኛ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ወደ 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። ይህም አራቱ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች በአንድ ወር ከሚጠቀሙት ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በባለ ክር አምፖል ዘመን መብራት በቤት ፍጆታ ውስጥ የነበረው ከፍተኛ ድርሻ ከቅያሪው በኋላ ወደ ምጣዱና ወደ ምድጃው ይሸጋገራል፤ ከዚያ ወዲያ አምፖልን በማጥፋት ብቻ ሂሳብን ማውረድ አይቻልም።

3. ከኪሎዋት ሰዓት ወደ ብር

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በነበረው ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች በ0.2730 ብር፣ ቀጣዮቹ 50 በ0.3564 ብር እየተባለ እያንዳንዱ የፍጆታ ክፍል በራሱ ዋጋ ይሰላ ነበር። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በጀመረው ማሻሻያ ግን ጠቅላላው ፍጆታ በሚያርፍበት እርከን ዋጋ እንዲሰላ ተደረገ። በማሻሻያው የመጨረሻ ምዕራፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት 0.273፣ እስከ 100 ኪሎዋት ሰዓት 0.767፣ እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት 1.625፣ እስከ 300 ኪሎዋት ሰዓት 2.00፣ እስከ 400 ኪሎዋት ሰዓት 2.20 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ የዋጋ ማሻሻያ በሥራ ላይ ውሏል። የሚከተለው ስሌት የሂሳቡን ባሕርይ ለማሳየት በቀደመው ታሪፍ የተሠራ ሲሆን የአገልግሎት ክፍያን አይጨምርም።

ከላይ የተጠቀሰው ቤት ለመብራት 36፣ በወር ስምንት ጊዜ ለመጋገር 42፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለቴሌቪዥንና ለልዩ ልዩ 30 ኪሎዋት ሰዓት፣ በድምሩ 108 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል። ሂሳቡ በ1.625 ሲባዛ 175.50 ብር ይሆናል። አምፖሎቹን በኤል ኢ ዲ ሲቀይር ፍጆታው ወደ 77.4 ኪሎዋት ሰዓት ወርዶ በ0.767 ይሰላና 59.37 ብር ይከፍላል። ቁጠባው 116.13 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ አምፖሉ ራሱ ያስቀረው ኃይል ዋጋ 49.73 ብር ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው 66 ብር ከአርባ ሳንቲም ቤቱ አንድ እርከን በመውረዱ የተገኘ ነው። በሌላ አነጋገር በድንበር ላይ ለሚገኝ ቤት ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት መቆጠብ ከኃይሉ መጠን እጅግ የሚበልጥ ብር ያስገኛል።

የዚህ ተቃራኒ ግን በድሀው ቤት ይታያል። ቀድሞውንም ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚጠቀም ቤት አንድ አምፖል በመቀየር በወር የሚያስቀረው 7.65 ኪሎዋት ሰዓት በ0.273 ሲሰላ 2.09 ብር ብቻ ነው። በ1.625 እርከን የሚገኝ ቤት በዚያው አምፖል፣ እርከኑ ባይወርድ እንኳ፣ 12.43 ብር ያስቀራል። ለስሌት ያህል የአንድ ኤል ኢ ዲ ዋጋ 100 ብር ነው ብንል ሁለተኛው ቤት ገንዘቡን በ8 ወር ሲመልስ የመጀመሪያው 48 ወር ይፈጅበታል። በእርግጥ ባለ ክሩ አምፖል ከ6 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ተቃጥሎ ሌላ መግዛትን የሚያስከትል በመሆኑ የመመለሻው ጊዜ ከዚህ ያጥራል። ቢሆንም 48 ወር ማለት በቀን 5 ሰዓት ሲሰላ 7,200 የብርሃን ሰዓት ነው። በዓመቱ የሚቃጠል ጥራት የሌለው አምፖል የገዛ ድሀ ከስሮ ይቀራል። የታሪፉ ርኅራኄ የአምፖሉን አዋጭነት የሚቀንስ መሆኑ፣ ለዝቅተኛ ተጠቃሚዎች በነጻ ወይም በድጎማ ማደል ለምን አስፈላጊ እንደሆነም ያስረዳል።

4. ቁጠባው በጋራ ቆጣሪ

አሁን ከላይ የተገለጸውን ዓይነት ፍጆታ ያላቸው ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ይኖራሉ እንበል። ድምር ፍጆታቸው 324 ኪሎዋት ሰዓት በመሆኑ በ2.20 ብር ይሰላል፤ ሂሳቡ 712.80፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 237.60 ብር ነው። እያንዳንዳቸው የግል ቆጣሪ ቢኖራቸው 175.50 ብር ብቻ ይከፍሉ ነበር። የ62.10 ብሩ ልዩነት አንድም ተጨማሪ ኪሎዋት ሰዓት ሳይጠቀሙ ቆጣሪ በመጋራታቸው ብቻ የሚከፍሉት ነው።

ከሦስቱ አንደኛው ቤተሰብ አራት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ገዝቶ ቢቀይር ድምሩ 293.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሂሳቡም በ2.00 ብር 586.80 ይሆናል። የ126 ብሩ ቁጠባ ለሦስት ሲካፈል ገዢው 42 ብር ብቻ ያገኛል። ምንም ያላወጡት ሁለት ጎረቤቶቹ ደግሞ በአንድነት 84 ብር ያተርፋሉ። በግል ቆጣሪ ቢሆን የአራቱን አምፖሎች ዋጋ በአራት ወር ውስጥ ይመልስ የነበረ ሰው አሁን ከዘጠኝ ወር በላይ ይጠብቃል። ድምሩ ከ300 በታች ባይወርድ ኖሮ ድርሻው ከዚህም ባነሰ ነበር። ሦስቱም ተስማምተው ቢቀይሩ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 154.80 ብር ይወርዳል። ይህም ቢሆን ያንኑ ኃይል በግል ቆጣሪ የሚጠቀም ቤት ከሚከፍለው 59.37 ብር ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው።

የሂሳብ አከፋፈሉ ልማድ ችግሩን ያባብሰዋል። በኪራይ ግቢዎች ሂሳብ የሚከፈለው በሰው ቁጥር፣ በቤት ቁጥር ወይም በአምፖል ቁጥር ነው። «በአምፖል ይህን ያህል» ተብሎ ሲቆረጥ የ60 ዋት ባለ ክር አምፖልና የ9 ዋት ኤል ኢ ዲ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በዚህ ልማድ ቆጣቢ አምፖል የገዛ ተከራይ ምንም አያገኝም። ቁጠባው ሂሳቡን ለአገልግሎቱ ለሚከፍለው አከራይ ይገባል። በተቃራኒው መብራት በኪራዩ ውስጥ ሲጠቃለል ተከራዩ ለመቆጠብ የሚገፋፋው ምክንያት አይኖርም። ተከራዩ ቤቱን ሲለቅ አምፖሉን ፈቶ የሚሄደውም፣ ወይም ርካሹን አምፖል የሚመርጠው፣ ቁጠባን ስለሚጠላ ሳይሆን ትርፉ የእርሱ ስላልሆነ ነው።

5. የአምፖሎቹ ጉዳትና ገደብ

የመጀመሪያው ጉዳት የፍሎረሰንቱ ሜርኩሪ ነው። በአንድ አምፖል ውስጥ ያለው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም፤ አምፖሉ ሳይሰበር አደጋ የለውም። ችግሩ ሲሰበርና ከቤት ቆሻሻ ጋር ሲጣል ነው። ሲሰበር መስኮትና በር ከፍቶ ሕፃናትን ማራቅና ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ክፍሉን ማናፈስ ያስፈልጋል፤ ስብርባሪው በመጥረጊያ ሳይሆን በጠንካራ ወረቀት ተሰብስቦ፣ ብናኙ በሚያጣብቅ ፕላስተር ተለቅሞ ክዳን ባለው ዕቃ ሊታሸግ ይገባዋል። በጃፓኗ ሚናማታ ከተማ ስም የተሰየመው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ባደረጉት ጉባኤ፣ እስከ 30 ዋት ያሉት እነዚህ አምፖሎች ከ2025 በኋላ እንዳይመረቱ፣ ወደ አገር እንዳይገቡና እንዳይላኩ ወስነዋል። በየቤቱ የቀሩት አሮጌ አምፖሎች ግን ዕድሜያቸው ሲያበቃ የሚሰበሰቡበት ሥርዓት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የኃይል መዋዠቅ ነው። ባለ ክር አምፖል የኤሌክትሪኩ ግፊት በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ምሽት ላይ ምጣድና ምድጃ በሰፈሩ ሲበዛ አምፖሉ የሚቀላው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ኤል ኢ ዲ በአንጻሩ በሰፊ የግፊት ክልል ብርሃኑን ይጠብቃል። ነገር ግን በውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚከሰተው ድንገተኛ ግፊት ሊቃጠል ይችላል። ኤል ኢ ዲ ተቃጠለ ሲባል ብዙውን ጊዜ የተበላሸው የብርሃን ምንጩ ሳይሆን ይህ ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን የሚነቅል ሰው የአምፖሎቹንም ማብሪያ ቢያጠፋና ኃይሉ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቢያበራ የአምፖሉን ዕድሜ ያራዝማል። ፍሎረሰንቱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት ዕድሜውን ስለሚያሳጥረው ለመጸዳጃ ቤትና ለመሰል ቦታ አይመከርም።

ሦስተኛው የጥራት ጉዳይ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ብቻ ስለ ብርሃኑ አይናገርም፤ መታየት ያለበት ሉመን የሚባለው የብርሃን መጠን፣ የዕድሜው ሰዓትና የዋስትናው ጊዜ ነው። ርካሽ አምፖሎች ብርሃናቸው ሊርገበገብና ለሚያነብ ተማሪ ዓይንን ሊያደክም ይችላል። የብርሃኑ ቀለምም ይታሰብበት፤ ነጭና ሰማያዊ የሚመስለው ለሥራ ቦታ፣ ቢጫ ቀለም ያለው ለመኝታ ክፍል ይስማማል።

አራተኛው የሰው ጠባይ ነው። «ቆጣቢ ነው» ተብሎ መብራት ሲያድር ከቁጠባው የተወሰነው ይጠፋል። የበረንዳ 9 ዋት አምፖል በቀን ከ5 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ቢራዘም በወር 1.89 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። ይህ የአራቱን አምፖሎች ፍጆታ በ35 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ቢሆንም አንድ ባለ ክር አምፖል በ5 ሰዓት ብቻ በወር ከሚወስደው 9 ኪሎዋት ሰዓት ጋር ሲነጻጸር የሚያድረው አምፖል ጠቅላላ ፍጆታ 3.24 በመሆኑ ትርፉ አሁንም አለ።

በመጨረሻም የአካባቢ ጥበቃ ክርክሩ በልኩ ሊቀርብ ይገባል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ አምፖል መቀየር በድንጋይ ከሰል በሚያመነጩ አገሮች የሚያስገኘውን ያህል የጭስ ቅነሳ እዚህ አያስገኝም። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ መቆጠብ አያስፈልግም የሚል አስተያየት ቢነሳም፣ ኃይል በግድቡ መኖሩና በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል በበቂ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አምፖሎች ሁሉ በአንድነት የሚበሩት ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ እራት በሚበስልበት ሰዓት ነው። የአሮጌ ሰፈር ትራንስፎርመርና ሽቦ የሚጨነቀውም በዚያው ሰዓት ስለሆነ ቁጠባው ለሰፈሩ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

6. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ እንደታየው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል። ከሁለቱ ዓይነቶችም ኤል ኢ ዲ ሊመረጥ ይገባል። ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ግኝት፣ አምፖሉ ቆጣቢ መሆኑ ለገዢው መቆጠቡን አያረጋግጥም የሚል ነው። በአንድ ዓይነት አምፖልና በአንድ ዓይነት አኗኗር አንዱ ቤት በወር 116 ብር ሲያተርፍ፣ ሌላው 42 ብር፣ ሌላው ምንም ላያገኝ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ቆጣሪው ነው።

ከዚህ በመነሳት አራት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ወደፊት የሚደረግ የአምፖል ዕደላ ቆጣሪን ሳይሆን ቤተሰብን መሠረት ቢያደርግ ቁጠባው ለታለመለት ሰው ይደርሳል። ሁለተኛ፣ በአሮጌ ሰፈሮች ለተከራዮች የግል ቆጣሪ ማስገባትን ማቅለል ከማንኛውም አምፖል የበለጠ የሂሳብ እፎይታ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ቆጣሪ እስኪገኝ ድረስ ግቢዎች ሂሳብን በአምፖል ቁጥር ከመክፈል በዋትና በሚበራበት ሰዓት ወደ መክፈል፣ ከተቻለም እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ የሚለካ ትንሽ ቆጣሪ በውስጥ ወደ ማስገባት ቢሸጋገሩ ፍትሐዊ ይሆናል፤ ሁሉም አምፖሉን በአንድ ጊዜ እንዲቀይር መስማማትም ለሁሉም ይበጃል። አራተኛ፣ ያገለገሉ ፍሎረሰንቶች ተለይተው የሚሰበሰቡበት ቦታ በየቀበሌው ሊኖር ይገባል።

ለቀጣይ ጥናት የሚተወው ጥያቄ በደሴና በኮምቦልቻ አሮጌ ሰፈሮች በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀምና ሂሳቡን በምን መንገድ እንደሚከፋፈል በመስክ መለካት ነው። ይህ ቁጥር ሲገኝ የአምፖል ዕደላ ውጤት በደንበኛ ሳይሆን በሰው ሊሰላ ይችላል።